ሌቭል 17 ደርሰን ከ1 እንጀምር ስንል ካራክተሮቹ ምን ይዘው ይምጡ?

የለገሃሬው ዲኤም፦

ሰላም ጀማዓ።

የድሬ ልጆች ነን። የምንጫወተው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ እየጣልክ፣ አንድ ካራክተር ሆነህ የምትጫወተው የታሪክ ጨዋታ) 5ኛ እትም ነው፣ የ2014ቱን። እሁድ ከሰዓት ከዚራ አንዱ ልጅ ቤት እንሰበሰባለን። ቤቱ የተመረጠው ፋን ስላለው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አምስት ተጫዋቾችና እኔ፣ ዲኤሙ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራው።

ካራክተሮቹ ሌቭል 17 ገቡ፣ ጣሪያው 20 ነው። ዊዛርዷ (አስማተኛዋ) ዊሽ የሚባለውን ስፔል፣ የተመኘኸውን የሚያደርግልህን አስማት፣ አገኘች፣ ከዚያ ወዲህ የማዘጋጀውን ሁሉ ውሃ በላው። ሽፍታ፣ ገደል፣ የተቆለፈ በር፣ ረሃብ፣ በረሃ፣ ምንም አይዛቸውም። ቴሌፖርት አድርገው (በአስማት ቦታ ዘለው) እብስ ነው። ውጊያ ሲሆን ደግሞ አንዱ ዙር አያልቅም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሺቱን (የካራክተሩ ችሎታ የተጻፈበትን ወረቀት) እያገላበጠ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄንንም እችላለሁ እኮ» ይላል፣ ተራው እስኪደርሰው የሚጠብቀው ደግሞ ፈቲራውን ብቻውን ይጨርሰዋል። መብራት ሲጠፋማ ተዉት።

እና እንደ አዲስ እንጀምር አልኩ። ግማሹ እሺ አለ። ግማሹ ካራክተሬን አልጥልም አለ። ሮጓን (ሌባዋን) የምትጫወተው ልጅ «እኔ ያሳደግኳትን ቀብሬ ሌላ አልወልድም» ብላ አስቃናለች፣ ግን የምሯን ነው።

ስለዚህ የምፈልገው መሃል ያለውን ነገር ነው። ያው ካራክተር፣ ያው ስም፣ ግን ከታች የሚነሳበት አማራጭ ደንብ። የሞከረ አለ? ምን ይዘው ይመጣሉ፣ ምን ይቀራል? እቃዎቻቸውስ ምን ይሆናሉ? ፋይተሩ (ተዋጊው) ፕላስ 3 ሰይፍ፣ ዳይሱ ላይ 3 የሚጨምር፣ አለው፣ እሱን ከምወስድበት ኩላሊቱን ብወስድ ይቀለዋል። በዚያ ላይ አንድ አዲስ ልጅ ሊቀላቀለን ነው። በ17 ካስገባሁት ሺቱን አንብቦ ሳይጨርስ ዓመቱ ያልቃል። በ1 ላስገባው?

«አዲስ ካራክተር ሥሩ፣ አለቀ» የምትሉ አትምጡ። እሱን አውቀዋለሁ።

---

ገንደቆሬ፦

አዲስ ካራክተር ሥሩ፣ አለቀ።

---

የለገሃሬው ዲኤም፦

ይኸው መጣ።

---

የድሮ ዳይስ፦

አቦ፣ ይሄ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። በ80ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በየሳጥኑ የሚሸጥ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው ሳጥን ከሌቭል 1 እስከ 3፣ ሁለተኛው እስከ 14፣ ቀጣዩ እስከ 25፣ ከዚያ እስከ 36። ከ36 በኋላስ? በ1986 አምስተኛ ሳጥን መጣ፣ ካራክተርህ ከሞት በላይ የሆነ ፍጡር የሚሆንበት። እዚያም ውስጥ ማዕረግ አለ፣ እየወጣህ ትሄዳለህ።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ። በዚያ ደንብ የመጨረሻው ማዕረግ ላይ የደረሰ፣ ሁሉንም ጥሎ እንደገና ሌቭል 1 ሟች ሰው ሆኖ ሊጀምር ይችላል። እንደገና ከታች እስከ ላይ ወጥቶ ሁለተኛ ጊዜ ጫፍ ከደረሰ፣ በቃ፣ ጨዋታውን አሸነፈ ይባላል። ማሸነፍ የሌለበት ጨዋታ ውስጥ የተጻፈ ማሸነፊያ እሱ ነው። እስከዚያ የደረሰ ሰው በዓይኔ አላየሁም። ሐሳቡ ግን የሚሠራው ለምን እንደሆነ አስቡት፦ ወደታች መውረዱን ቅጣት አላደረገውም። ከማዕረግ ሁሉ በላይ ያለ ማዕረግ አደረገው። ተጫዋቹ «ተቀማሁ» አይልም፣ «ደፈርኩ» ነው የሚለው።

ተቃራኒውንም እናውቀዋለን። በመጀመሪያው አድቫንስድ እትም ቫምፓየር አንዴ ሲመታህ ሁለት ሌቭል ይነጥቅህ ነበር። ዋይት የሚባለው ተነስቶ የሚሄድ ሬሳ አንድ። ሰው ከሞት ይልቅ እሱን ነበር የሚፈራው፤ ድራጎን ፊት ደረቱን ነፍቶ የሚቆም ፋይተር ቫምፓየር ሲያይ በመስኮት ይዘላል። ቀስ በቀስ አለሳለሱት። አሁን አንተ በያዝከው እትም ዋይት የሚቀንሰው የኤችፒህን (የሕይወት ነጥብህን) ጣሪያ ብቻ ነው፣ ሌቭልህን አይነካም። እና አንድ ሰው «ክፉ ጠንቋይ ሌቭላቸውን ይስረቅባቸው» ብሎ ቢመክርህ አትስማ። ከቡድኑ ግማሹ ጥሎህ ይሄዳል።

ሌላም አለ። በዚያው በድሮው ደንብ ሰው የሆነ ካራክተር ክላሱን (ፋይተር፣ ዊዛርድ የሚባለውን ዓይነቱን) ትቶ በሌላ ክላስ ከ1 መጀመር ይችል ነበር። የሰበሰበው ኤችፒ አብሮት ይቆያል። የድሮ ችሎታውን ግን አዲሱ ሌቭል የድሮውን እስኪያልፍ ድረስ መጠቀም የለበትም፣ ከተጠቀመ የዚያን ጉዞ ኤክስፒ (ሌቭል የሚያስጨምረውን ነጥብ) ያጣል። ይሄ በጣም ቆንጆ ነገር ነው። አትችልም አይልህም። ትችላለህ፣ ግን ያስከፍልሃል ይልሃል። ሌቭል 9 ፋይተር የነበረ ሰውዬ በትር ይዞ፣ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) እየደበደበው፣ ሰይፉን ላንሳ አላንሳ እያለ ሲያስብ ማየት፣ ወላሂ ከድራጎን ውጊያ ይበልጣል።

---

ቀፊራ፦

እኔ አዲስ ስለሚገባው ልጅ ላውራ።

ሌሎቹ 17 ሆነው እሱን በ1 አታስገባው። ለፍትሕ ይመስላል፣ ግን ቁጥሩን እየው። በእናንተ እትም አዋቂ ቀይ ድራጎን እሳት ሲተፋ ባለ 6 ፊት ዳይስ 18 ጊዜ ይጣላል፣ በአማካይ 63 ጉዳት። ልጁ 10 ኤችፒ አለው እንበል። ለማምለጥ ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ጥሎ፣ ከጭማሪው ጋር 21 ማምጣት አለበት፣ በዚያ ሌቭል ብርቅ ነው። ግን ተሳካለት እንበል፣ ግማሹን ይበላል፣ 31። አሥሩ ዜሮ ያደርሰዋል፣ የተረፈው 21 ከሙሉ ኤችፒው ይበልጣል፣ በደንቡ ይሄ ያለ ምንም ዳይስ ወዲያው ሞት ነው። አምልጦም ሞተ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀኑ ላይ።

ከተረፈ ደግሞ ሌላ አስቂኝ ነገር ይመጣል። ከ17 ወደ 18 ለመድረስ ከ225,000 ወደ 265,000 ኤክስፒ መሄድ ነው፣ 40,000 ለአንድ ሰው። እኩል ከተካፈላችሁ እናንተ አንድ ሌቭል ስትጨምሩ እሱ ከ1 ተነስቶ 8 ላይ ይገኛል። እናንተ 20 ስትደርሱ እሱ 130,000 ይዞ 13 ነው። ማለትም በእያንዳንዱ እሁድ አዲስ ሺት ይሞላል እንጂ አንዱንም ሌቭል አያጣጥመውም።

ስለዚህ ወይ ሁሉም ይውረዱ ወይ ማንም አይውረድ። ግማሽ ግማሽ የለም። ሁለቱ አሮጌ ካራክተራቸውን በ17 ይዘው ሦስቱ ከታች የሚጀምሩበትን ነገር እንዳትሞክረው፣ ዊዛርዷ አንዴ እጇን ስታወዛውዝ የሌላው ቀን አለቀ።

ከ1 ነው ከ3 ለሚለው፣ ከ3 ጀምር። ደንቡ ራሱ መጀመሪያውን ቶሎ እንድታልፈው ነው የተሠራው፣ ሌቭል 2 በ300 ኤክስፒ፣ 3 በ900 ነው። እስከ 17 የኖረ ሰው ሌቭል 1 ላይ በአይጥ ተነክሶ ሲሞት መጀመሪያ ያስቃል፣ ሁለተኛው ላይ ግን ሰው ስልኩን ያወጣል። 3 ላይ ደግሞ ሁሉም ንዑስ ክላሱን ይዟል፣ ማን እንደሆነ ይታወቃል።

---

ሳቢያን 20 ፊት፦

ቀፊራ ያለችው ልክ ነው፣ ግን አንድ መንገድ ረስታለች። ካራክተሮቹን ሳታወርድ ተጫዋቾቹን ማውረድ ይቻላል።

በ1991 የወጣ ዳርክ ሰን የሚባል የበረሃ ዓለም አለ፣ የሁለተኛው እትም ነው። ዓለሙ በጣም ገዳይ ስለሆነ (በነገራችን ላይ እሱም ከ3 ነው የሚያስጀምረው) እያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካራክተር ይይዛል። አንዱ ይጫወታል፣ ሦስቱ ይጠብቃሉ። የሚጫወተው አንድ ሌቭል ሲጨምር ከሚጠብቁት አንዱም አንድ ይጨምራል። እንደ ጉዞው ዓይነት ትቀያይራለህ።

ይሄን ለእናንተ ገልብጡት። የ17ቱ ሮግ አትሞትም፣ አትወርድም። ሀብታም ሆና ከተማ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ልጅቷ የምትጫወተው የሮጓን ተላላኪ ነው፣ ሌቭል 3። ተላላኪው ችግር ውስጥ ሲገባ አለቃው ልትመጣ ትችላለች፣ ግን ጠላቶቿም አብረው ይመጣሉ። አንዳንድ እሁድ ትልልቆቹ ብቻ የሚወጡበት ቀን ይኑር፣ ዓመት በዓል ሲሆን በሉት።

ፔንድራገን ደግሞ (1985) ከዚህም ይሻላል ባይ ነኝ። ንጉሥ አርተር ዘመን ላይ ነው፣ አንድ ጀብዱ አንድ ዓመት ይሆናል። ክረምት ሲመጣ ታገባለህ፣ ትወልዳለህ፣ ታረጃለህ። ባላባቱ ሲሞት ልጁን ትጫወታለህ፣ ልጁ ከአባቱ ክብር አንድ አሥረኛውን ይወርሳል። ክብር እዚያ ቁጥር ነው፣ ሺቱ ላይ የሚጻፍ። አንድ አሥረኛ ብቻ! ግን ልጁ አዳራሽ ሲገባ «የእገሌ ልጅ» ይሉታል፣ ያቺ አንድ አሥረኛ ናት ተጫዋቹን የምታቆየው።

---

የለገሃሬው ዲኤም፦

ሳቢያን፣ ተላላኪው ነገር ደስ ይላል፣ ግን ሮጓን ለምትጫወተው ልጅ ነግሬያት «የራሴን ተላላኪ እንድሆን ነው?» ብላ ዘጋችኝ።

የድሮ ዳይስ፣ ጋሼ፣ የሁለት ክላሱ ነገር ገብቶኛል። ግን 17ቱን ሌቭል የሚያልፉት መቼ ነው? እስከዚያ አርጅተን እንሞታለን እኮ።

---

የድሮ ዳይስ፦

ጋሼ አትበለኝ፣ የድሬ ልጅ ነህ።

እስከ 17 ለምን? በ5 በለው። አዲሱ 5 ሲደርስ ከድሮው አንድ ነገር ይመለስለት። በ11 ሌላ። የሚፈለገው መድረሻ ያለው መሆኑ ነው።

---

የጀጎል ዲኤም፦

ይሄን ነገር እኛ ሐረር አድርገነዋል፣ አሁንም እየተጫወትነው ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ሻይ ያዙ።

ካምፔናችን (በየሳምንቱ የሚቀጥለው ረጅም ታሪክ) ያለው አምስት በር ባለው በግንብ በተከበበ ከተማ ነው (ከየት እንደተወሰደ አትጠይቁ)። ግንቡ ላይ ማታ ማታ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሐረር የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ በአሹራ ቀን ለጅቦች ቅቤ ያለው ገንፎ ይቀርባል፣ አበላላቸው ታይቶ ዓመቱ ጥጋብ ነው ወይስ ችግር ይባላል። እኔ ልማዱን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ማምጣት አልፈለግኩም፣ የተከበረ ነገር ነው። ሐሳቡን ብቻ ወሰድኩ፦ የምትሰጠው አለ፣ የሚበላ አለ፣ የሚተርፍ አለ።

የእኛዎቹ 18 ደርሰው ነበር። ከተማዋን የሚውጥ መዓት መጣ፣ የሚመለሰው ደግሞ በስፔል አይደለም። ኮረብታው ላይ ያሉት ጥንታዊ ጅቦች ጉልበት ይበላሉ። ካራክተሮቹ ገብተው ሳህን ላይ ማስቀመጥ አለባቸው። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ከተማዋን ጥለው መሄድም ይችሉ ነበር፣ ይሄን ደጋግሜ ነገርኳቸው። የድሮ ዳይስ «ደፈርኩ እንጂ ተቀማሁ አይልም» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

እንዴት ተጫወትነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው የተቆራረጠ ወረቀት ሰጠሁ። ከሌቭል የመጣ ችሎታ ሁሉ በየወረቀቱ ይጻፋል፣ አንድ ችሎታ አንድ ወረቀት። ከዚያ እውነተኛ ሳህን መሃል ላይ አስቀመጥኩ፣ የእናቴን። ተራ በተራ እያነበቡ ይጥላሉ። ፋይተሩ ልጅ ሲያነብ ድምፁ ተቀየረ። «ሦስተኛው ምት።» ጣለ። «አራተኛውን ገና አላገኘሁትም፣ ተስፋውን ልጣል?» አለ። ሳቅን፣ ግን ጣለው። ዊዛርዱ የስፔል መጽሐፉን ገጽ በገጽ እየጠራ ሲጥል ከውጭ አዛን ተሰማ፣ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ ከዚያ ቀጠለ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው ከሳህኑ አንድ ወረቀት መልሶ ያነሳል። አንድ ብቻ። እሱን «ትራፊ» እንለዋለን። ጅቦቹ የተዉት ማለት ነው። ሁሉም ሌቭል 3 ሆኖ ይነሳል፣ ከትራፊው ጋር።

ትራፊ ላይ ገደብ አለ፣ ይሄን ልብ በሉ።

ጉዳት የሚያደርስ ስፔል ትራፊ አይሆንም። የኛ ዊዛርድ ፋየርቦልን (የእሳት ኳሱን) አንስቶ ፈገግ አለ። ጎብሊን 7 ኤችፒ ነው ያለው። ፋየርቦል በአማካይ 28 ነው፣ ቢያመልጡም 14። ማለትም ያመለጠውም ያላመለጠውም ይሞታል፣ አንድ ክፍል ሙሉ፣ በአንድ ቃል። መልሰህ ጣለው አልኩት። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የወሰደው ከዕይታ ውጪ ወደሆነ ቦታ የምትዘልበትን ሳይሆን እዚያው የምታየው ቦታ ላይ ብቅ የምትልበትን ትንሹን ቴሌፖርት ነው። ከረጅም ዕረፍት እስከ ረጅም ዕረፍት አንድ ጊዜ። አሁን ከፋየርቦሉ በላይ ይወደዋል፣ ምክንያቱም አንዲት መውጫ ናት፣ መቼ እንደሚያወጣት ሲያስብ ያድራል።

ሮጉ ያነሳው ኢቬዥንን ነው፣ በ7ኛው ሌቭል የሚገኘውን፣ ካመለጠ ምንም ጉዳት የማይነካበትን። እሱን ያለ ገደብ ፈቀድኩ። በሌቭል 3 ብዙ እሳት አይመጣም። ሲመጣ ግን ሁሉም ሲቃጠል እሱ ቆሞ አቧራውን ያራግፋል፣ ያኔ ሁሉም «አዎ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ...» ይላል።

እቃ። ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እቃውን አትውሰድ፣ አስተኛው። ፕላስ 3 ሰይፍ ሌቭል 3 ላይ ለምን እንደማይሆን ላሳይህ፦ ተራ ሰው ፕላስ 5 ይዞ ጎብሊንን ለመምታት (መከላከያው 15 ነው) ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፣ ይሄ 55 በመቶ ነው። ያንን ሰይፍ ሲይዝ 7 ይበቃዋል፣ 70 በመቶ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ምት 3 ጉዳት ይጨምራል፣ 7 ኤችፒ ላለው ጎብሊን። ከፕሮፊሸንሲው (ከልምድ ከሚያገኘው ጭማሪ) ይበልጣል እኮ፣ እሱ እዚያ ሌቭል ገና ፕላስ 2 ነው። ስለዚህ ሰይፉ ተኝቷል። ያው ሰይፍ ነው፣ ስሙም ያው፣ ጎኑ ላይ ተሰቅሏል፣ ግን እንደ ተራ ብረት ይቆርጣል። በ5 ፕላስ 1 ሆኖ ይነቃል፣ በ11 ፕላስ 2፣ በ17 ሙሉ ይሆናል። ቁጥሮቹን ከየት አመጣሃቸው ካላችሁ፣ እትሙ ራሱ ጨዋታውን በአራት ይከፍለዋል፣ ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 16፣ ከ17 እስከ 20። መግቢያዎቹን ነው የያዝኩት።

አሁን ዋናውን ልናገር። ቁጥሩ ሁሉ ወረደ። ዓለሙ ግን አልወረደም።

ያናደዱት ሊች (የማይሞት ጠንቋይ) አሁንም ያስታውሳቸዋል። ያዳኗት ንግሥት አሁንም እራት ትጋብዛቸዋለች። ገበያ ሲገቡ ሕፃናት ይከተሏቸዋል፣ «እሱ ነው ድራጎኑን የገደለው!» እያሉ፣ ሰውዬው ደግሞ 24 ኤችፒ ይዞ በሆዱ እየጸለየ ያልፋል። አንድ ቀን ጎረምሳ መጥቶ ፋይተሩን ለግጥሚያ ጠራው፣ ስም ለማውጣት። የድሮው ቢሆን በአንድ እጁ ይጥለዋል። አሁን ልጁ ምናልባት ያሸንፈዋል። ፋይተሩ ተነስቶ፣ ሰይፉን ግማሽ ድረስ መዞ፣ ምንም ሳይናገር አየው። ማስፈራራት ጣለ፣ 19 መጣ። ጎረምሳው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጩኸት አልነግራችሁም፣ ጎረቤት መጥቶ ምን ሆናችሁ አለን።

ሮጓን የምትጫወተው ልጅ የምትፈራው ቁጥር ማጣት አይመስለኝም። ያ ሁሉ የሆነው ነገር እንዳልሆነ እንዲቆጠር ነው የማትፈልገው። ስለዚህ ደንብ ስታወጣ መጀመሪያ ጻፍ፦ ማን ያውቃቸዋል፣ ማን ይጠላቸዋል፣ ማን ዕዳ አለበት። የኤችፒው ነገር በኋላ ይደርሳል።

ጠቅለል አድርጌ ልጨርስ፣ ከ3 እስከ 5 ቶሎ አሳልፋቸው፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በል።

---

ገንደቆሬ፦

እሺ፣ ይሄኛው ከ«አዲስ ሥሩ» ይሻላል።

ግን አንድ ጥያቄ። ተጫዋቾቹ ሁሉን ያውቃሉ። ትሮል የሚባለውን ጭራቅ የሚያሸንፈው እሳት መሆኑን፣ ሊቹ ነፍሱን የደበቀበትን፣ ሁሉን። ሌቭል 3 ሆነው የ17 ዕውቀት ይዘው እንዴት ነው?

---

የጀጎል ዲኤም፦

ይወቁ! በሌላ ጨዋታ «ካራክተርህ ይሄን አያውቅም» እያልን ስንጨቃጨቅ እንውላለን። እዚህ ያውቃል፣ ነበረበት። ሊቹ የት እንዳለ ያውቃሉ፣ ግን እዚያ የመድረስ አቅም የላቸውም። ይሄ ከምስጢር ይብሳል።

---

ቀፊራ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያለበለዚያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሰህ እዚሁ ጥያቄህን ይዘህ ትመጣለህ። እንደገና 17 ሲደርሱስ? በ3.5 እትም ጊዜ ተጫዋቾች ያወጡት ኢ6 የሚባል ደንብ አለ። ሌቭል 6 ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በየ5,000 ኤክስፒ አንድ ፊት (ተጨማሪ ልዩ ችሎታ) ብቻ ታገኛለህ። ትሰፋለህ እንጂ አትረዝምም። ለ5ኛ እትም ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፣ እኔ 10 ላይ አቆመው ነበር፣ ቴሌፖርትም ዊሽም ሁሉም ከዚያ በላይ ስለሆኑ ራስ ምታቱ አይመጣም።

ለአዲሱ ልጅ ደግሞ፣ እሱም በ3 ይግባ፣ እኩል። ትራፊ ግን የለውም፣ ያለፈ ታሪክ ስለሌለው። ሌላ ነገር ስጠው።

---

የጀጎል ዲኤም፦

አዎ፣ እኛም አዲስ ሰው ነበረን። የከተማዋን ሰው አደረግነው። ጀግኖቹ በየዓለሙ ሲዞሩ እሱ እዚያው ኖሯል፣ እያንዳንዱን ባለሱቅ፣ ዘበኛ፣ የበር ጠባቂ ያውቃል። እነሱ ዝና አላቸው፣ እሱ ሰው አለው። በር ላይ ሲያዙ የሚያስለቅቃቸው እሱ ነው።

---

የለገሃሬው ዲኤም፦

ወላሂ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የወሰንኩት፦ ሁሉም በ3፣ አንድ ትራፊ፣ እቃው ይተኛል፣ 10 ላይ እናቆማለን (ሰይፉ በ5 ፕላስ 1፣ በ8 ፕላስ 2፣ በ10 ሙሉ ይሁን፣ 11 ስለማይደረስ)። አዲሱ ልጅ የከተማ ሰው።

ሥርዓቱን ግን በጅብ ሳይሆን በዊሽ ላደርገው አሰብኩ። ዊዛርዷ ራሷ ትመኘዋለች፣ ከተማዋን ለማዳን። ይሄን ስፔል ከተለመደው ውጪ የተጠቀመ 33 በመቶ ዕድል ዳግመኛ አይጥለውም ይላል ደንቡ፣ እኔ እሷን 100 በመቶ አደርጋታለሁ። ዊሽ ከዚህ ካምፔን ይውጣልኝ።

---

ሮጓ እኔ ነኝ፦

ማን ነው እዚህ ስለኔ የሚያወራው? ሊንኩን ፋይተሩ ላከልኝ።

ሁሉንም አነበብኩት። የሐረሩን ሰውዬ እስማማለሁ፣ ዲኤሙን አልስማማም። ለምን ዊዛርዷ ብቻዋን ተመኝታ የኔን ሌቭል ትሰጣለች? የሷ ምኞት፣ የኔ ጉልበት? እንደዚያ ከሆነ አልወርድም። ሳህን ይምጣ፣ ወረቀት ይምጣ፣ በእጄ እጥላለሁ።

ትራፊዬ ኢቬዥን አይደለም። ሪላየብል ታለንት ነው የምፈልገው፣ የ11ኛውን፣ በማውቀው ችሎታ ዳይሴ ከ10 በታች የማይወርድበትን።

እና የወደቡ ከተማ ላይ ያለኝ ሱቅ የኔ ነው። ከነኪራዩ።

---

የጀጎል ዲኤም፦

ሪላየብል ታለንት በሌቭል 3 ብዙ ነው፣ መቆለፊያ የሚባል ነገር ከዓለም ይጠፋል። በአንድ ችሎታ ብቻ ይወሰን። አንዱን ትምረጥ።

---

ሮጓ እኔ ነኝ፦

መዋሸት።

---

የለገሃሬው ዲኤም፦

እሺ። ሳህን አመጣለሁ። የሱቁን ኪራይ ግን በጠረጴዛው ላይ እንነጋገርበታለን፣ ተከራዩ ስንት ወር እንዳልከፈለ ገና አልነገርኩሽም።